ፑንታው አልበሳ ሲላችሁ

አምቦም ሆነ ጉደር በርና መስኮት የምትሠሩ፣ ፑንታው ብረቱን ሳይበሳ ካጨሰ ድሪሉን በጉልበት ከመጫናችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

1. አዟዟሩን። የአቅጣጫ መቀየሪያው ተነክቶ ወደ ኋላ እየዞረ ይሆናል።

2. ፍርፋሪውን። ከሁለቱም ጎን እኩል እየተጠቀለለ ከወጣ ደህና ነው። ዱቄት ብቻ ከሆነ ፑንታው ደንዟል። ከአንድ ጎን ብቻ ከወጣ ሲሳል ተዛብቷል።

3. አሳሳሉን። የጫፉ ማዕዘን 118 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ከስለቱ ኋላ ያለው ጀርባ ዝቅ ካላለ ይፋተጋል እንጂ አይቆርጥም።

4. ፍጥነቱን። ወፍራም ፑንታ ቀስ ብሎ ይዙር፤ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ለ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ4 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጀምሩ።

በርና መስኮቱን የምትገጥሙበት የአምቦ ድንጋይ ግድግዳ ግን የብረት ፑንታ ያበላሻል፤ የድንጋዩን ፑንታ ያዙ። ጉልበት ስለትን አይተካም!