የአደን ጥይት በጁል ብቻ አይመዘንም

እስቲ ሁለት ጥይቶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው የውጅግራ ጥይት ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ ሲሆን ጠመንጃው የ1874 ሥሪት ነው፤ በ1896 ዓድዋ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተሸከሙት እሱን ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት አለው፤ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለተኛው በ1955 ገበያ ላይ የዋለው 243 ዊንቸስተር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ የአጋዘን አዳኞች በብዛት ከሚመከሩት አንዱ። አረሩ 6.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ አለው፣ 6.5 ግራም ይመዝናል፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 900 ሜትር ነው።

የእንቅስቃሴ ጉልበት ቀመሩን ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ፦ ክብደት ሲባዛ በፍጥነት፣ እንደገና ሲባዛ በፍጥነት፣ ሲካፈል ለሁለት። ውጅግራው 2,530 ጁል ገደማ ይሰጣል፤ 243ቱ ደግሞ 2,630 ጁል። ልዩነታቸው 4 በመቶ ነው።

ታዲያ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው? በፍጹም። 200 ሜትር ላይ የውጅግራው አረር በመሬት ስበት ምክንያት ከአፈሙዙ መስመር ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የ243ቱ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። እንስሳው አካል ውስጥ ሲገቡ የሚሠሩት ሥራም አይመሳሰልም። ሆኖም የጥይት ካርቶን ገዝታችሁ ጎኑን ብታዩ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነቱና ጉልበቱ ነው። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን የምትኖሩ አንባቢዎች የአደን ወቅት ሲደርስ የሥራ ባልደረቦቻችሁ በዚሁ ቁጥር ሲፎካከሩ ሳትሰሙ አትቀሩም። ጨዋታ ቢመስልም በተሳሳተ ቁጥር የተመረጠ ጥይት ዕዳው የሚከፈለው በሌላ አካል ነው፦ ቆስሎ ጫካ በገባ፣ ማንም በማያገኘውና ለቀናት በሚሠቃይ እንስሳ።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ እኛ በአማርኛ «አጋዘን» የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘው የሀገራችን እንስሳ ከእነሱ አጋዘን ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው። የእነሱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ የእኛው እስከ ሞቱ ይዞት ይኖራል። እዚህ ግን ለሁለቱም ያንኑ ስም እጠቀማለሁ፤ ሌላ የተለመደ ቃል የለንም።

አረሩ የሚገድለው እንዴት ነው?

ፊልም ላይ የተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ ይወድቃል። ሒሳቡ ግን ይህን አይፈቅድም። በጣም ከተለመዱት የአደን ጥይቶች አንዱን፣ በ1906 የወጣውን 30-06ን እንውሰድ፦ 11.7 ግራም፣ በሰከንድ 823 ሜትር። ሞመንተሙ (ክብደት ሲባዛ በፍጥነት) 9.6 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህ ሁሉ 70 ኪሎ በሚመዝን አጋዘን ላይ ቢያርፍ እንስሳውን የሚገፋው በሰከንድ 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ኤሊ ከምትሄድበት ብዙም አይርቅም። ደግሞም ኒውተን እንዳለው የተኳሹ ትከሻ ቢያንስ ያንኑ ያህል ሞመንተም ይቀበላል። እንስሳውን የሚጥል ግፊት ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚወድቀው ተኳሹ ነበር።

እንስሳው የሚሞተው ደሙ ስለሚፈስ ነው። አረሩ ሳንባንና ልብን ሲበሳ የደም ግፊት ይወርዳል፣ አንጎል ኦክስጅን ያጣል፣ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ልክ በቦታው የተመታ አጋዘን እንኳ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ሮጦ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ የጥይቱ ድክመት ሳይሆን አንጎል ውስጥ የቀረው ኦክስጅን እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ ነው። (አንጎልን ወይም አከርካሪን መምታት ወዲያው ይጥላል፤ ነገር ግን ዒላማው ጠባብ ስለሆነ ስህተቱ ከባድ ነው።)

ስለዚህ ከአረሩ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። ቆዳውን፣ ጡንቻውንና የጎድን አጥንቱን አልፎ ሳንባ ድረስ መድረስ፣ ከዚያም እዚያ ሰፊ ቀዳዳ መክፈት። ችግሩ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ሰፋ ያለ አረር ጥልቀት ያጣል፣ ጠባብ ሆኖ የሚያልፍ ደግሞ ትንሽ ቁስል ብቻ ትቶ ይወጣል። የጥይት ንድፍ ታሪክ፣ እንደኔ አስተያየት፣ በአብዛኛው የዚህ ጠብ ታሪክ ነው።

የወስፌው ጉዳይ

ቆዳን በአውራ ጣታችሁ ብትገፉት ምንም አይሆንም። በዚያው ጉልበት በወስፌ ብትገፉት ግን ይበሳል። ለአረርም የሚሠራ መለኪያ አለ፦ ክብደቱን ፊት ለፊት ለሚታየው ስፋቱ ማካፈል። በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ስንት ግራም ተደግፏል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አረሩ አየርንም ሥጋንም በቀላሉ አይለቅም።

ላስላላችሁ። የ243ቱ 6.5 ግራም አረር 21.7 ይሰጣል። የ30-06ቱ 11.7 ግራም አረር 24.4። ለአፍሪካ ትልልቅ አውሬ በ1912 የተሠራው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በ19.4 ግራም አረር 27.2። አሁን ደግሞ በ1894 የተነደፈውን የስዊድን 6.5×55 ጥይት በ10.1 ግራም አረሩ አስሉት፦ 28.6። አዎ፣ ትከሻን ብዙም የማያሳምመው የስዊድን ጥይት በዚህ መለኪያ የጎሽ ጥይቱን ይበልጠዋል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው፤ ወስፌ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ደብሊው ዲ ኤም ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን የገደለ ሲሆን፣ አብዛኞቹን በ7×57 ማውዘር ነበር። የዚያ ጥይት 11.2 ግራም አረር በሰከንድ 700 ሜትር ቢሄድ ጉልበቱ 2,740 ጁል ገደማ ነው፤ ለአጋዘን ጀማሪ ከሚመከረው 243 ብዙም አይበልጥም! የክብደትና ስፋት ቁጥሩ ግን 27.2፣ ልክ እንደ 375ቱ። አረሩ ጫፉ የማይከፈት ድፍን ነበር፤ ቤልም የዝሆንን የራስ ቅል አጥንቶ አንጎሉን ነበር የሚመታው። ዛሬ ይህን መሞከር እብደት ነው፤ በርካታ የአፍሪካ ሀገራትም ለአደገኛ አውሬ ከ375 በታች አይፈቅዱም፣ ትክክልም ናቸው። ሁሉም ተኳሽ ቤል አይደለም፤ እየሮጠ የሚመጣ ጎሽም ጎኑን አዙሮ አይጠብቅም።

ስዊድኖች ይህን ነገር በሕግ ቋንቋ ጽፈውታል። እዚያ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሙስ ይታደናል፤ ሙስ የአጋዘን ዘር ሆኖ ወንዱ ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ግዙፍ እንስሳ ነው። ለረጅም ጊዜ የሠራው ደንባቸው ለሙስ የሚሆን ጥይት ከሁለት አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። አረሩ 9 ግራም ከሆነ 100 ሜትር ላይ 2,700 ጁል ሊኖረው ይገባል። 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። ልብ በሉ፣ አንድ ግራም ሲጨመር የሚጠየቀው ጉልበት በ700 ጁል ቀነሰ! ጁል ብቻውን የሚገድል ቢሆን ይህ ደንብ ትርጉም የለሽ ነበር። የ10.1 ግራሙ 6.5×55 100 ሜትር ላይ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይዞ ይደርሳል፤ 2,470 ጁል። በመጀመሪያው መስፈርት ይወድቃል፣ በሁለተኛው በሰፊው ያልፋል።

ሲደርስ ስንት ይሄዳል?

ዘመናዊ የአደን አረር ጫፉ እንደ እንጉዳይ እንዲከፈት ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ውስጡ እርሳስ፣ ላዩ ስስ የመዳብ ልባስ። ሲከፈት ውፍረቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። መከፈቱ ግን በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። ለብዙዎቹ ዝቅተኛው ወሰን በሰከንድ 550 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች አረሩ እንደ እርሳስ ጫፍ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። ከመጠን በላይ ፈጥኖ ከደረሰ ደግሞ፣ በተለይ ቅርብ ርቀት ላይ አጥንት ከነካ፣ ይበታተናል፤ ላይ ላዩን አስፈሪ ቁስል፣ ውስጡ ሳንባ ያልተነካ። የማግነም ባለቤቶች ቅርብ ላይ የሚገጥማቸው ችግር ይህ ነው፤ አረሩ ካልተቀየረ የተጨመረው ፍጥነት ጥፋት ይሆናል።

ለዚህ ነው በ1895 የወጣው 30-30 ዛሬም በአሜሪካ ደን ውስጥ አጋዘን የሚታደንበት። አረሩ 11 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 670 ሜትር ብቻ። በካርቶን ቁጥር ከ243 እንኳ ያንሳል። አረሮቹ ግን ለዝቅተኛ ፍጥነት የተሠሩ፣ ጫፋቸው ለስላሳ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ የሚያዩት ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ ጫካ አውጥታችሁ ሰፊ ሸለቆ አፋፍ ላይ ብታቆሙት ግን አይሆንም።

ሸለቆ ካልን፣ ባሌንና አርሲን እናንሳ። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ አደኑም ቁጥጥር በሚደረግባቸው ቀጠናዎች፣ በፈቃድ ብቻ ነው። እዚያ እንስሳው የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሸለቆው ማዶ ሲሆን ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ አረሩን የሚይዘውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ይዞ የመጣ እንግዳ ሩቅ ላይ አረሩ ከጠበቀው በላይ ሲያርፍ ቢገረም አይፈረድበትም። ካርቶኑ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ይህን አያውቅም።

ትከሻ ላይ ያለው ሒሳብ

አሁን ወደ ማግነሙ። 300 ዊንቸስተር ማግነም፣ 1963፣ ያንኑ የ30-06ቱን 11.7 ግራም አረር በሰከንድ 902 ሜትር ይተኩሳል። 80 ሜትር ያህል ጨመረ፤ ጉልበቱ ከ3,960 ወደ 4,760 ጁል ከፍ አለ። ጥሩ። ዋጋውስ? በ3.6 ኪሎ ጠመንጃ፣ የባሩዱን ጋዝ ጨምሬ ሳሰላው፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ለ6.5×55 ወደ 16 ጁል፣ ለ30-06 27፣ ለማግነሙ 36 ነው። ከስዊድኑ ከእጥፍ በላይ!

ትከሻው የሚፈራ ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸማቅቃል። አፈሙዙ በግማሽ ዲግሪ ቢዛነፍ 150 ሜትር ላይ ስህተቱ 1.3 ሜትር ነው፤ ከአጋዘኑ ሳንባ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከአጋዘኑም ውጭ። የዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ 13 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከሳንባ ወደ ሆድ ዕቃ ይወስዳል፤ ለቀናት የሚያሠቃየው ቁስል ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የትኛውን ልግዛ ቢለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ጊዜ ሳይደነግጥ መተኮስ እንደሚችል ነው። ለአብዛኛው ሰውና ለአብዛኛው አጋዘን መልሱ ከ6.5×55፣ በ2007 ከወጣው 6.5 ክሪድሙር ወይም ከ308 ዊንቸስተር አንዱ ይሆናል። የ243ቱ ደግሞ ለትናንሾቹ አጋዘን መልካም ነው፤ ለሙስ አልመርጠውም፣ የስዊድኑ ደንብም በ6.5 ግራሙ አያሳልፈውም።

የቀረው እርሳሱ ነው። የሚከፈት የእርሳስ አረር ጥቃቅን ስባሪዎችን ሥጋው ውስጥ ይተዋል፤ የተጣለውን ሆድ ዕቃ የሚበሉ አሞራዎችም ይመረዛሉ። ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ በዚህ ክፉኛ ስለተጎዳ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይትን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። ምትኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ የሆነ አረር ነው፤ ሲከፈት አይበታተንም፣ በጥልቀትም ይሄዳል። መዳብ ግን ከእርሳስ ይቀላል፦ እፍጋቱ 8.9፣ የእርሳስ 11.3። ተመሳሳይ ክብደት እንዲኖረው አረሩ መርዘም አለበት፣ የረዘመ አረር ደግሞ በበረራ እንዳይገለበጥ በፍጥነት መሽከርከር ይፈልጋል፤ የአሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ለዚያ አልተቆረጠም። ስለዚህ ብዙዎቹ የ6.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ አረሮች ከ9 ግራም በታች ሆነው ይሠራሉ፤ በግራም ይቆጥር የነበረው የሙስ ደንብ እነሱን ሲመዝን የሚቸገረው ለእርሳስ የተጻፈ ስለሆነ ነው።