ካንሰርን የሚለየው ዲኤንኤ፦ የሚባለውና ያለው

ዲኤንኤ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን የአባትነት ክርክር ነው። ስለዚህ «ከዲኤንኤ የተሠራ የካንሰር መድኃኒት እየተሞከረ ነው» የሚል ወሬ የሰማ ሰው «ዘሬን ሊለውጥብኝ ይሆን?» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስጋቱ ግን እዚህ ቦታ የለውም። ወሬው የሚያነሣቸው አፕታመር የሚባሉት በላቦራቶሪ የሚሠሩ አጫጭር የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ክሮች ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 80 የኬሚካል ፊደል ያህል ርዝመት አላቸው። የዘር መመሪያ አይሸከሙም። ሥራቸው በቅርጻቸው ነው፤ ነጠላው ክር በራሱ ላይ ይተጣጠፍና ቅርጹ ከገጠመው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል።

«ሊቃውንት አስበው ይነድፉታል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ እውነቱ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በኮሎራዶ ላሪ ጎልድና ክሬግ ቱርክ፣ በቦስተን ደግሞ ጃክ ሾስታክና አንድሪው ኤሊንግተን በየፊናቸው የደረሱበት ዘዴ ንድፍ አይጠይቅም። ፊደላቸው በዘፈቀደ የተደረደረ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ክሮች ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ እህል በሰፌድ ደጋግሞ እንደማበጠር ነው። በ2006 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የዌይሆንግ ታን ቡድን ይህን ሥራ በሕያው የሉኪሚያ ሴሎች ላይ ሠራው። ከሴሎቹ ጋር ያልተጣበቀው ክር ታጥቦ ወጣ። የተጣበቀው ከሌላ ዓይነት የደም ካንሰር ሴሎች ጋር ተገናኘ፤ እነዚያንም የያዘው ተጣለ። የተረፈው በኮቪድ ዘመን ስሙን በለመድነው ፒሲአር ተባዝቶ እንደገና ወደ ማበጠሩ ተመለሰ። በመጨረሻ ኤስጂሲ8 የተባለው አፕታመር ሲገኝ፣ ሴሉ ላይ የሚይዘው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ፒቲኬ7 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ የተለየው በ2008 ነው። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ መጣ ማለት ነው፤ የዚህን ዘዴ ትልቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው።

«ካንሰሩን ብቻ ይነካል፣ ጤነኛውን ሴል ዝር አይልበትም» የሚለው ግን የተጋነነ ነው። ፒቲኬ7 በአንዳንድ ጤነኛ ሴሎች ላይም አለ። ኤኤስ1411 የተባለው ባለ 26 ፊደል አፕታመር የሚይዘው ኑክሊዮሊን ደግሞ በጤነኛ ሴሎችም ውስጥ ይገኛል፤ በብዙ የካንሰር ሴሎች ግን ወደ ሴሉ ገጽ በብዛት ይወጣል። ልዩነቱ የመጠንና የቦታ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ስህተት «ከለየው ገደለው» የሚለው ነው፤ ሕመምተኛና ቤተሰብ ተስፋቸውን የሚጥሉበት እሱ ነውና። ኤኤስ1411 በ35 የኩላሊት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ዕጢው በግልጽ የቀነሰው የአንዱ ብቻ ነበር። ሌላም እንቅፋት አለ፤ መከላከያ ያልተደረገለት አፕታመር ደም ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፤ ትንሽ ስለሆነም ኩላሊት በደቂቃዎች ውስጥ ያጣራዋል። ተመራማሪዎች ክሩን በኬሚካል ያጠነክሩታል፣ ከትልቅ ሞለኪውል ጋር ያያይዙታል፤ ወይም እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ መድኃኒት አሸክመው ወደ ዕጢው ይልኩታል። በ2018 «የዲኤንኤ ሮቦት ዕጢ አጠፋ» ተብሎ የተወራው፣ አፕታመር የተጠቀመው ሥራም ዕጢውን ያጠቃው በአይጦች ላይ ነው።

«መድኃኒቱ ወጥቷል፣ ሀብታም ብቻ ያገኘዋል» የሚሉም አሉ። በአሜሪካ የተፈቀዱት ሁለት የአፕታመር መድኃኒቶች፣ የ2004ቱ ፔጋፕታኒብና የ2023ቱ አቫሲንካፕታድ ፔጎል፣ ሁለቱም ዓይን ውስጥ የሚወጉ የዓይን መድኃኒቶች ናቸው። ዓይን ጠባብና የተከለለ ቦታ ስለሆነ መድኃኒቱ ቶሎ አይታጠብም። ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ አፕታመር ግን እስካሁን የለም። አለኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አንድ ብር እንኳ አይስጡት።

እኔ ቶሎ ፍሬ ያፈራል ብዬ የምጠብቀው ምርመራው ነው፤ ከሰውነት በወጣ የደም ናሙና ውስጥ የካንሰር ሴሎችን ፈልጎ መያዝ። እዚያ አፕታመሩ መለየትን ብቻ ይጠየቃል፤ አጣርቶ የሚያስወጣው ኩላሊትም የለም።