የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ንግድ፤ የውጭ ኩባንያዎች ዕድልና የሚጠብቃቸው ችግር

አንድ የውጭ አገር ፋብሪካ ዕቃውን በአዲስ ገበያ ለመሸጥ ሲነሣ አስቀድሞ የሚመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የአገሩ ሕግ የሚፈቅድለት መሆኑንና ዕቃው ፈላጊ ያለው መሆኑን ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚሠሩ ኩባንያዎች በኢትዮጵያ ሁለቱንም አግኝተዋል። ሆኖም ከነዚህ የማያንስ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የተሸጠው አውቶሞቢል በተበላሸ ጊዜ ኃላፊነቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ዕድሉን እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ የጉምሩኩን ቀረጥ ተሠርቶ ላለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ አድርጎ፣ ፈጽሞ ሳይገጣጠም ለሚመጣው ምንም ቀረጥ እንዳይከፈልበት ወሰነ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጠ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችል ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር፣ በገዛ ወንዙ ኃይል የሚሄድ መኪና የሚሰጠው ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከዚህም በቀር ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተጠብቆ የኖረው የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። እንግዲህ ፋብሪካው ቢፈልግ በወኪል ይሸጣል፤ ቢፈልግ ራሱ መጥቶ ይሸጣል ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ ነው። በመንገዶቻችን ላይ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በቻይና፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ ቮልስዋገን አይዲ 6 የተባለው ለዚያው ገበያ ብቻ የተሠራ ሆኖ ሳለ በአዲስ አበባ ይነዳል። እንዲህ ያለው አውቶሞቢል መስኮቱ ላይ የሚያሳየው ጽሕፈት ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ የኃይል መሙያው ሶኬትም ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ስለ ሆነ፣ ሲሲኤስ 2 ከሚባለው ከአውሮፓው መሙያ ጋር አይገጥምም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፋብሪካው ዋስትና ብዙውን ጊዜ ከተሸጠበት አገር ወሰን የማያልፍ መሆኑ ነው። ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ በመሆኑ፣ ያለ ዋስትና የገዛ ሰው ባትሪው ቢበላሽበት የዓመታት ቁጠባውን ያጣል፤ ወቀሳውም የሚደርሰው ሩቅ አገር ባለው ፋብሪካ ላይ ሳይሆን መኪናውን በሸጠለት ነጋዴ ላይ ነው።

የመሙያውም ጉዳይ ሒሳብ ይፈልጋል። ባለ 220 ቮልት የቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሠራ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ እስኪሞላ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋም ከዚያ ይረዝማል። በየቀኑ ጥቂት ለሚነዳ ሰው ሌሊቱ ይበቃዋል፤ ለታክሲና ለሩቅ መንገድ ግን ፈጣን መሙያ የግድ ነው።

የምንዛሪውም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ሸጦ መለዋወጫውን በኋላ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ገንዘቡ ግማሽ ያህል ቀለለበት። ቀረጡና ግብሩም እንደ ምንዛሪው ሊለወጥ የሚችል ስለ ሆነ፣ ውል ከመፈረም አስቀድሞ የዕለቱን ደንብ ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይገባል።

እንግዲህ አስመጪው ከፋብሪካው ጋር ሲዋዋል በመጀመሪያ ዋጋ ላይ ብቻ ሊከራከር አይገባውም። ዋስትናው በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲጸና፣ መካኒኮች በፋብሪካው ወጪ እንዲሠለጥኑ፣ መመርመሪያ መሣሪያውና መለዋወጫው ከመጀመሪያው ጭነት ጋር እንዲመጣ፣ የመሙያውም ዓይነት አስቀድሞ እንዲወሰን በውሉ ያስገባ። የውጭው ኩባንያ በበኩሉ ገበያውን፣ መንገዱንና ደንበኛውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ንግዱ ለባዕድ በተከፈተበት በዚህ ጊዜ ለኢትዮጵያዊው ነጋዴ የቀረለት ትልቁ መደራደሪያም ይኸው ነው። ጋራዥና መጋዘን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነጋዴ ለኩባንያው የሚፈለግ ሸሪክ ይሆናል፤ መኪና ቆጥሮ ሸጦ የሚሄድ ግን ኩባንያው ራሱ በመጣ ጊዜ ቦታውን ይለቃል። አባቶች «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» ያሉት ለአስመጪውም ለፋብሪካውም የሚሆን ምክር ነው።