ሰዓት የሚታሰርበት እጅና የግራኝነት ጉዳይ

በትምህርት ክፍላችን ውስጥ የባልንጀሮቻችንን እጅ ብንመለከት፥ ሰዓት ካሰሩት የሚበዙት በግራ እጃቸው አስረውት እናገኛለን። ስለ ምን በግራ እንዳሰሩት ቢጠየቁ ግን አብዛኞቹ «እንዲሁ ለምዶብኝ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አይሰጡም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትንሽ ልማድ መነሻ አድርጎ፥ ከዕለት ሥራችን ውስጥ የትኛው ከተፈጥሮ፥ የትኛው ከመሣሪያ አሠራር፥ የትኛውስ ከማኅበራዊ ሥርዓት የመጣ እንደ ሆነ ለይቶ ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ከተፈጥሮ የሚመጣው

ከሰው ልጆች መካከል ግራኞቹ ከመቶ ዐሥር ያህል ይሆናሉ። ከኹለት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2020 የታተመው ምርመራ ቍጥሩ ከመቶ 10.6 እንደ ሆነ አስረድቷል። ይህ ዝንባሌ ገና ከመወለድ በፊት ይታያል፤ በ1991 የታተመ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንደሚያሳየው፥ በማሕፀን ያሉ ፅንሶች አብዛኞቹ የሚጠቡት የቀኝ አውራ ጣታቸውን ነው።

ዘርም ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ብቻውን አይወስንም። እናትና አባቱ በቀኝ የሚሠሩ ልጅ ግራኝ የመሆኑ ዕድል ከዐሥር አንድ ያህል ሲሆን፥ ወላጆቹ ኹለቱም ግራኞች የሆኑ ልጅ ግን ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። እንግዲህ ከኹለት ግራኞች የሚወለዱትም ቢሆኑ የሚበዙት በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ ናቸው ማለት ነው።

ግራኝነት ደግሞ እንደ ነጭና ጥቁር በኹለት ብቻ የሚከፈል አይደለም። ኦልድፊልድ የተባለው ሊቅ በኤዲንብራ ያዘጋጀውና በ1971 ያሳተመው መጠይቅ ስለ ዐሥር ሥራዎች ይጠይቃል፤ እነዚህም መጻፍ፥ ሥዕል መሣል፥ መወርወር፥ መቀስ፥ የጥርስ ብሩሽ፥ ቢላዋ፥ ማንኪያ፥ መጥረጊያ፥ ክብሪት መጫርና የሣጥን ክዳን መክፈት ናቸው። በቀኝ ከሚሠሩት በግራ የሚሠሩት ተቀንሰው፥ ልዩነቱ ለድምሩ ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ፥ ውጤቱ ከ100 እስከ ከዜሮ በታች 100 ይደርሳል። በመጠይቁ ውስጥ ሰዓት ማሰር እንደሌለበት ልብ ይሏል። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

2ኛ፤ ከመሣሪያ የሚመጣው

የእጅ ሰዓት በወንዶች ዘንድ የተስፋፋው በተለይ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ በምሽግ ያለ ወታደር የኪስ ሰዓት እያወጣ ለመመልከት አይመቸውም ነበርና። ሰዓቱ በየቀኑ መሞላት ነበረበት። የምትሞላበት ትንሿ መዘውር ደግሞ በሰዓቱ ቀኝ ጐን፥ በሦስት ቍጥር አጠገብ ትገኛለች። ሰዓቱ በግራ እጅ ሲታሰር መዘውሯ ወደ መዳፍ ትዞራለች፤ ቀኝ እጅም ሰዓቱን ሳይፈታ ይሞላዋል። በቀኝ እጅ ሲታሰር ግን ወደ ክርን ስለምትዞርና በእጅጌ ስለምትሸፈን ለግራ እጅ አትመችም። በዚህም ላይ ብዙ የሚሠራው እጅ ሰዓቱን ከግድግዳና ከጠረጴዛ ጋር ያጋጨዋል።

ስለዚህ ግራኝ ሰው በኹለት ምክንያቶች መካከል ይቸገራል፤ የሥራው ጠባይ በቀኝ እሰረው ሲለው፥ የመዘውሯ ቦታ በግራ እሰረው ይለዋል። ከዚህም የተነሣ ሰዓት የታሰረበትን እጅ አይቶ የሰውን ግራኝነት መወሰን አይቻልም። ራሱን የሚሞላው የእጅ ሰዓት በ1920ዎቹ ከተፈለሰፈ፥ በባትሪ የሚሠራው የኳርትዝ የእጅ ሰዓትም በ1969 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በየቀኑ መሙላት ቀርቷል፤ ልማዱ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ጸንቶ ይኖራል።

ይህን የመሰለ ነገር በጥንቱም ዘመን ይታያል። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው ግራኙ ናዖድ ሰይፉን የታጠቀው በቀኝ ጭኑ ነው፤ በግራ እጁ ይመዝዘው ዘንድ። የሀገራችን ተዋጊዎች ግን በቀኝ እጃቸው የሚዋጉ ሆነው ሳሉ ጐራዴያቸውን በቀኝ ጐናቸው ይታጠቁ ነበር፤ ግራ ክንዳቸው ጋሻ ይይዝ ነበርና። ትጥቁ የዋለበት ጐን አንድ ሲሆን፥ እጁና ምክንያቱ የተለያዩ ናቸው።

መቀስም ሌላ ምሳሌ ነው። የቀኝ እጅ አያያዝ ስለቶቹን እርስ በርሳቸው ሲያጣብቃቸው፥ ያንኑ መቀስ ግራ እጅ ሲይዘው ያለያያቸዋል። ግራኙ ልጅ ጨርቅ ሲቀድ «እጁ አይረባም» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የመቀሱ ነው።

3ኛ፤ ከማኅበራዊ ሥርዓት የሚመጣው

እንጀራ መቍረስ፥ ማጕረስ፥ ሰላምታና ስጦታ በእኛ ዘንድ የቀኝ እጅ ሥራዎች ናቸው። ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ ግራ እጅ ቀኙን ክንድ መደገፉም የአክብሮት ምልክት ነው። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የተቸገረ ሰው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ በማዕረግም ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች ይበልጥ ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እንኳ በታሪካችን በሰፊው የታወቁት «ግራኝ» በሚለው ቅጽል ነው።

ይህ ሥርዓት የራሱ ክብር ስላለው መንቀፍ አይገባም። ግራኝ የሆነ ሰው በማዕድ ላይ በቀኙ መብላትን ይማራል፤ በሌላው ሥራው ግን ግራኝ ሆኖ ይቀራል። ችግር የሚነሣው የማዕዱ ደንብ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ሲሻገር ነው። በብሪታንያና በአሜሪካ በ1900 አካባቢ ከተወለዱት መካከል በግራ ይጽፉ የነበሩት ከመቶ ዐምስት ያንሱ ነበር፤ በትምህርት ቤት ይደረግ የነበረው ግዳጅ ከቀረ በኋላ ግን ቍጥራቸው ከመቶ ዐሥር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ ያነሰው በግራ የሚጽፈው እንጂ፥ ግራኙ ራሱ አልነበረም ብሎ ማሰብ ይቻላል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ሦስቱን መለየት የሚጠቅመው ለፍርድ ነው። ከተፈጥሮ የመጣውን እንደ ባለጌነት ቈጥሮ ልጅን በአለንጋ ማረም በደል ነው። ከመሣሪያ የመጣው ግን በመሣሪያ ይታረማል። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ያሉት መጻፊያ ያላቸው ወንበሮች መደገፊያቸው በቀኝ ብቻ ነው፤ ግራኙ ተማሪ ወገቡን አጣሞ ይጽፋል፤ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድም እጁ የጻፈውን ይሸፍንበታል፥ ቀለሙንም ያጠፋበታል። በአንድ ክፍል አርባ ወንበር ቢኖር አራቱን በግራ መደገፊያ ማሠራት ከባድ ወጪ አይደለም።

መምህራንና ወላጆችም ልጅ በግራው እርሳስ ሲያነሣ ቢያዩ፥ እጁን ከመምታታቸው በፊት ኳስ ሲወረውርና ክብሪት ሲጭር ይመልከቱት። ዳኛ ግራ ቀኙን ሳይሰማ እንዳይፈርድ፥ በእጅ ላይም መፍረድ የሚገባው ኹለቱን እጆች ከተመለከቱ በኋላ ነው።