መቆፈሪያ ያለው አነስተኛ ትራክተር ለሰላ ድንጋይ ተዳፋት ያዋጣል?

የእርሻ መካናይዜሽን፣ ማለትም የሰውንና የእንስሳትን ጉልበት በሞተር ኃይል የመተካት ሂደት፣ በኢትዮጵያ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የአርሲና የባሌ ሜዳማ የስንዴ ማሳና በዚያ ላይ በኪራይ የሚዘዋወረው ኮምባይነር ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ከዚህ ሥዕል ውጭ የቀረው ገበሬው ማሽን ስለማይፈልግ ሳይሆን፣ ገበያው የሚያቀርበው ማሽን ለሌላ ዓይነት መሬት የተሠራ በመሆኑ ነው። በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኘው ሰላ ድንጋይ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ የነበረችው የደጋ ከተማ፣ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መመዘኛ ናት፤ ዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግና ባሕር ዛፍ የገበሬው ጥሪት የሆኑበት፣ ማሳውም በእርከን፣ በሸንተረርና በገደል የተቆራረጠ አገር ነውና። ከፊቱ አፈር መዛቂያ፣ ከኋላው ደግሞ ኦፕሬተሮች ባክሆ የሚሉት መቆፈሪያ ክንድ የተገጠመለት አነስተኛ ትራክተር ለእንዲህ ያለው አገር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ጥያቄ ከማሽኑ ይልቅ በዓመት ውስጥ በሚሠራው ሰዓት ብዛት የሚመለስ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ትራክተሩ የሚገዛው ለማረስ ነው የሚለው ግምት ሊታረም ይገባዋል። አንድ ቤተሰብ በተለያየ አቅጣጫ የተበታተኑ ጥቂት ጥማድ መሬቶችን በሚያርስበት ሁኔታ፣ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ በግምት ሩብ ሄክታር የሚሆን መሬት ሲሆን፣ ትራክተሩ ከማሳ ወደ ማሳ በመጓዝና በጠባብ ቦታ በመዞር የሚያባክነው ጊዜ ከሚያርስበት ጊዜ ሊበልጥ ይችላል፤ በሬው ግን ዳገቱንም ጠርዙንም ያውቀዋል። በአንጻሩ ቁፋሮ በበሬ የማይሠራ፣ እስከ ዛሬም በዶማና በአካፋ፣ በደቦና በሕዝባዊ የተፋሰስ ዘመቻ የሚከናወን ሥራ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ ለድንጋይ እርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን የመደበ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ጉልበት ምንም ያህል ነጻ ቢመስል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የዙሪያውን ወጣት ወደ ቀን ሥራና ወደ ደመወዝ በሚስቡበት ጊዜ፣ ለዶማ የሚተርፈው ጉልበት እየሳሳ መሄዱ አይቀርም።

ቁፋሮው ከሚፈለግባቸው ሥራዎች መካከል በደጋው እጅግ የሚያስቸግረው የባሕር ዛፍ ጉቶ ንቀላ ነው። ለዓመታት እየተቆረጠ እየበቀለ የኖረ ጉቶ ከአፈር በላይ ከሚታየው ግንድ ይልቅ በታች ሰፍቶ ስለሚገኝ፣ አነስተኛ ባክሆ በአንድ ጊዜ መንጭቆ የሚያወጣው አይደለም፤ አንድ ቶን ገደማ የመንቀል ኃይል ያለው ክንድ ጉቶውን በቀጥታ ለመሳብ ሲሞክር ጉቶው ከመነቀል ይልቅ ትራክተሩ ራሱ ከኋላው ይነሳል። ስለዚህ የሠለጠነ ኦፕሬተር በጉቶው ዙሪያ ጠባብ ቦይ ይከፍትና የጎን ሥሮቹን በባኬቱ ጥርስ አንድ በአንድ ይበጥሳል፤ ከዚያም ባኬቱን ከጉቶው ሥር አስገብቶ ወደ ራሱ ያጥፈዋል፤ ጉቶው ሲላቀቅም ከመሬት ብዙ ሳያነሳው እየጎተተ ያወጣዋል። የዚህ ሥራ ዋጋ በጉቶ ብዛት መቆረጥ የለበትም፤ አንዱ ጉቶ ሩብ ሰዓት ሲፈጅ ሌላው ግማሽ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ በሰዓት የሚዋዋል ወገን ብቻ ከክርክር ይድናል።

ተዳፋቱን በተመለከተ ሕጉ ራሱ መነሻ ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሲሠራበት የቆየው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በመቶ የሚገለጸው ተዳፋት በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ ወደ ላይ የሚወጣውን ሜትር የሚያመለክት ሲሆን፣ 31 በመቶ ከ17 ዲግሪ ጋር ይስተካከላል። የትራክተሩ የመገልበጥ ወሰን በተመሳሳይ መንገድ ሊሰላ ይችላል። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀት 1.2 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ደግሞ ከመሬት 0.7 ሜትር ከፍ ያለ ትራክተር ቆሞ ሳለ ወደ ጎን የሚገለበጠው በወረቀት ላይ 86 በመቶ በሚደርስ ተዳፋት ነው፤ ይህም የሻጩን ፈገግታ የሚያሰፋ ቁጥር ነው። ነገር ግን የፊት መዛቂያው አፈር ሞልቶ ሲነሳና የኋላው ክንድ ወደ ጎን ሲዞር ማዕከሉ ወደ 0.9 ሜትር ከፍ ቢል፣ 15 ሳንቲ ሜትርም ወደ ቁልቁለቱ ቢጠጋ፣ ወሰኑ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ላይ የዳገቱ ወገን ጎማ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ድንጋይ ላይ ቢወጣ የሚቀረው 31 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከሕጉ ቁጥር ጋር መግጠሙ ድንገተኛ ነው። ይህ ስሌት የቆመን ማሽን የሚመለከት ስለሆነና የሚንቀሳቀስ ማሽን ግን ስለሚንገጫገጭ፣ ጎንን ለቁልቁለት ሰጥቶ መንዳት ከ15 በመቶ በማያልፍ ተዳፋት ላይ ቢወሰን ይመረጣል።

ከኋላ የሚንጠለጠለው የባክሆ ክብደት ሌላም መዘዝ አለው፤ ትራክተሩ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማዎቹን ስለሚያቀልላቸው መሪው አልታዘዝ ይላል። ከባዱ ወገን ምንጊዜም ወደ ዳገቱ መሆን ስላለበት፣ ቀጥ ያለውን ዳገት ወደ ኋላ እየነዱ መውጣትና ፊትን አስቀድሞ መውረድ ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተማረ ሹፌር፣ በመንገድ ላይ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ለዚህ ማሽን አይበቃም። ከመቀመጫው በላይ የሚተከለው የመገልበጥ መከላከያ ቅስትና የመቀመጫ ቀበቶውም ለድርድር የሚቀርቡ አይደሉም። ስዊድን ቅስቱን በአዲስ ትራክተሮች ላይ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ ያለ ቅስት የሚቀርብ ትራክተር ለደጋው አገር ጨርሶ መገዛት የለበትም።

ገዢዎች እምብዛም የማያነሱት ጉዳይ የከፍታ ነው። የሰላ ድንጋይ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አየርን በራሱ ብቻ የሚስብ የናፍታ ሞተር፣ ማለትም ቱርቦ የሌለው፣ በእንዲህ ያለ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ 25 የፈረስ ጉልበት የተባለው ማሽን በተግባር ወደ 19 ይጠጋል። ቱርቦ፣ ማለትም በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየርን ወደ ሞተሩ የሚያምቅ መሣሪያ፣ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳል። አራቱም ጎማዎች በሞተር የሚነዱበት ማሽን መምረጥም በዋልካ አፈር ላይ የግድ ነው። የባክሆው አያያዝ ሌላው መለያ ነው፤ ማረሻ በሚሰቀልበት ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ላይ ብቻ የሚንጠለጠለው ርካሽ ሲሆን፣ የቁፋሮውን ግፊት በሙሉ በትራክተሩ የኋላ አካል ላይ ስለሚያሳርፍ ከጊዜ በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ከትራክተሩ ሥር እስከ ፊት በሚዘልቅ ብረት ላይ የሚታሰረው ግን ግፊቱን ለመላው ሻሲ ያካፍላል። ለዓመታት ቁፋሮ የሚታሰብ ከሆነ ሁለተኛው ብቻ ነው የሚገዛው።

የጉዳዩ እምብርት ቋሚ ወጪ ነው፤ ይኸውም ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈለው ወጪ ነው። ለስሌት ያህል ሙሉው ማሽን 3 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ፣ ከ10 ዓመት በኋላም በ600,000 ብር ቢሸጥ፣ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 240,000 ብር ነው። በማሽኑ ላይ የታሰረው አማካይ ገንዘብ 1.8 ሚሊዮን ብር ስለሆነ፣ በ18 በመቶ ወለድ ሲታሰብ 324,000 ብር ይጨመራል፤ በድምሩ 564,000 ብር ይሆናል። ማሽኑ በዓመት 100 ሰዓት ቢሠራ በየሰዓቱ 5,640፣ 300 ሰዓት ቢሠራ 1,880፣ 600 ሰዓት ቢሠራ ደግሞ 940 ብር ቋሚ ወጪ ይሸከማል። ናፍታ፣ ዘይት፣ ጥገናና የኦፕሬተር ክፍያ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ የሚታየው በአንድ ኩሬ ነው። ባኬቱ 40 ሊትር ቢይዝ፣ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ ከሰዓቱም 45 ደቂቃ በእርግጥ ቢቆፍር፣ በሰዓት 3.6 ሜትር ኩብ አፈር ያወጣል፤ 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ የቤተሰብ ውሃ ማቆሪያ ኩሬም 17 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በዶማና በአካፋ አንድ ሰው በቀን አንድ ሜትር ኩብ ቆፍሮ ቢያወጣ ሥራው 60 የሰው ቀን ነው። በዓመት 100 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ማሽን ቋሚ ወጪውን ለመመለስ የቀን ሠራተኛው ክፍያ 1,600 ብር ገደማ መድረስ ሲኖርበት፣ 300 ሰዓት ለሚሠራው 533፣ 600 ሰዓት ለሚሠራው 266 ብር ይበቃል። ማሽኑ ያው፣ ኩሬውም ያው ነው፤ የተለወጠው የሥራው ሰዓት ብቻ ነው።

ሆኖም 600 ሰዓት በሰላ ድንጋይ በቀላሉ አይገኝም። የክረምቱ ጭቃ ቁፋሮን ስለሚከለክል ወቅቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይወሰናል፤ እሑድንና ሌሎች ሰንበታትን፣ በ12 የሚውለውን ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምንና መሰል የወር በዓላትን አክብሮ መሬት የማይነካው የአካባቢው ልማድ ሲታሰብ ደግሞ የሥራ ቀኑ በወር 16 ያህል ይሆናል። በቀን 6 ሰዓት ከተሠራ ይህ 480 ሰዓት ነው፤ የበልግ ዝናብም ከዚህ ላይ ይቀንሳል። ጉድለቱን የሚሞላው ከኅዳር እስከ ጥር በጉልበት ማስተላለፊያው ዘንግ ገብስና ስንዴ መውቃትና ጋሪ መጎተት ነው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ያስተዋወቀው ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ከእርሻ ሌላ ለመጓጓዣ፣ ለመውቂያና ለውሃ መሳቢያም እንዲውል የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ማሽን ብዙ ወቅት ካልሠራ አይከፈልም።

አማራጮቹ ብዙ አይደሉም። በሰንሰለት የሚሄደው ትንሽ ኤክስካቫተር በተዳፋት ላይ የተሻለ ይረጋጋል፤ ነገር ግን ከመቆፈር በቀር ሌላ ሥራ ስለማያውቅና ከቀበሌ ቀበሌ በመኪና መጫን ስላለበት ሰዓቱ አይሞላም። 8 ቶን ገደማ የሚመዝነው የግንባታ ባክሆ ሎደር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በኪራይ ሊመጣ ቢችልም፣ ስፋቱ ከ2 ሜትር በላይ በመሆኑ አህያ በሚያልፍበት መንገድ ወደ እርከኑ አይገባም፤ ለመንገድ ዳር ኩሬ ግን ርካሹ መፍትሔ እርሱ ነው።

የገንዘቡ በኩል ካለፉት ዓመታት ይልቅ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ የማሽኑንም የመለዋወጫውንም ዋጋ አንሮታል። በ2011 ዓ.ም. ለእርሻ መካናይዜሽን መሣሪያዎች የተፈቀደው የቀረጥና የታክስ ነጻ መብት ሸክሙን የሚያቀል ቢሆንም፣ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ትራክተር በ8701፣ ራሱን የቻለ የቁፋሮ ማሽን ደግሞ በ8429 ስለሚመደብ፣ ገዢው ባክሆው በየትኛው እንደሚስተናገድ አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። መያዣ ለሌለው ገዢ የካፒታል ዕቃ ኪራይ በር አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደው ይህ አሠራር ማሽኑን አከራዩ ገዝቶ ባለቤትነቱን እንደያዘ ተከራዩ እየሠራ እንዲከፍል የሚያደርግ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ለዚሁ ተቋቁሟል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ግን መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሰዓት ስለሚበላ፣ በማናቸውም የክፍያ መርሐ ግብር ውስጥ እንደ አንድ ወጪ መታሰብ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ብያኔ፣ መቆፈሪያ ያለው አነስተኛ ትራክተር ለሰላ ድንጋይ የሚስማማ፣ ለአንድ አባወራ ግን የማያዋጣ ማሽን ነው የሚል ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር የሚያጣምርበት መቀናጆ የገበሬው የራሱ የካፒታል መጋሪያ ሥርዓት እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም ማሽን በሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በተደራጁ ወጣቶች ወይም በሰሜን ሸዋ እንደሚንቀሳቀሰው ወደራ ዩኒየን ባለ አካል እጅ ሆኖ በሰዓት ሊከራይ ይገባዋል። የሚገዛውም ቱርቦ፣ አራት ተነጂ ጎማ፣ የመገልበጥ መከላከያ ቅስትና በሻሲ ላይ የታሰረ ባክሆ ያለው፣ መለዋወጫውም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላይ የሚገኝ ይሁን። ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ገዢዎች የመጀመሪያውን ዓመት ኩሬ፣ እርከን፣ ጉቶና አውድማ በየቀበሌው መዝግበው ከባለይዞታዎቹ ጋር በሰዓት ይዋዋሉ፤ ድምሩ 500 ሰዓት ካልደረሰ ግዢውን ትተው በኪራይ ይሥሩ።