ለሳሎን ዓሣ ጨለማ ክፍል

እስቲ የዓሣ ገንዳ ያላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ዓሦቹ ሳይበሉት የቀረው ምግብና ከሆዳቸው የወጣው ነገር የት የሚደርስ ይመስላችኋል? የትም! እዚያው ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የጨው ውሃ ገንዳ ከሆነ፣ በተለይ ኮራል ካለበት፣ ጣጣው ይብሳል። ኮራል እንደ ድመት ጮኾ አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ይሞታል።

እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ አንድ ጓደኛዬ ይኸው ደረሰበት። ከእጮኛው ጋር የሚጨቃጨቀውም በዚሁ ገንዳ ነው። «ለሠርግ ያጠራቀምነውን ለድንጋይ አበላኸው» ትለዋለች (ለማያውቀው ኮራል ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ አይፈረድባትም)። ሌላ ውድ ማሽን ሊገዛ ሲነሳ ነው ጨለማ ክፍል እንሥራ ያልኩት። ወጪው ሳጥንና ቱቦ መሆኑን ስትሰማ እጮኛው ፈቀደች።

ሐሳቡ ከራሱ ከባሕር የተወሰደ ነው። የኮራል ሪፍ ፀሐይ የሚያገኘው ላዩ ነው፤ ውስጡ ግን ዋሻና ስንጥቅ ሞልቶታል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ስፖንጅ ይኖራል፤ የዕቃ ማጠቢያውን ሳይሆን ሕይወት ያለውን እንስሳ ማለቴ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በካሪቢያኗ ኩራሳኦ ስፖንጆች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ስፖንጅ የሟሟውን ምግብ ከውሃው ይመጥጣል፤ ከዚያ ያረጁ ሴሎቹን ያራግፋል። እሱን ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይለቅሙታል። ቆሻሻው ቀለብ ሆነ ማለት አይደል?

ገንዳው 200 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ ባለው ቡፌ ውስጥ 40 ሊትር ያህል የሚይዝ ሳጥን አስገባንና ዙሪያውን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንነው። ውሃው ከላይ በቱቦ በራሱ ይወርዳል፣ በፓምፕ ይመለሳል። ውስጡ ስፖንጅ የበቀለበትን፣ ቀዳዳ የበዛበትን የሪፍ ድንጋይ ደረደርን፤ ደለል ከሥሩ እንዳይጠራቀም በአጫጭር የፕላስቲክ ቱቦዎች ከወለሉ ከፍ አድርገን ነው ታዲያ። ውሃው ቀስ ብሎ ይለፍ እንጂ አይቁም። መግቢያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ጨርቅ አታድርጉ፤ የስፖንጁን ምግብ ትቀሙታላችሁ።

አደራ! ስፖንጁን ከውሃ አታውጡት። አየር ቀዳዳዎቹ ውስጥ ከገባ ሊሞት ይችላል፤ በስብሶም ገንዳውን በሙሉ ሊመርዘው ይችላል። መብራት የሚጠፋባችሁ ደግሞ (አዲስ አበቤ ይስማ!) በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ አዘጋጁ፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እያለቀ ይሄዳል።

ተአምር ግን አትጠብቁ። ስፖንጅ ለማደግ ወራት ይፈልጋል። ዋናው ጭንቀታችሁ ናይትሬት ከሆነ ብርሃን ያለው የአልጌ ክፍል ይሻላችኋል። ጓደኛዬም አረፋ እያስነሳ ቆሻሻ የሚያወጣውን አሮጌ ማሽኑን አልነቀለም፤ እኔም ንቀል አላልኩትም። ደግሞ በየቀኑ ቡፌውን እየከፈታችሁ ድንጋዩን አታገላብጡ፤ አልፎ አልፎ በእጅ ባትሪ አየት አድርጋችሁ ዝጉት።