የአረጋውያን ተሳትፎ በጥናትና ምርምር፦ አስፈላጊነቱና የተሳታፊው መብቶች

አንድ መድኃኒት ለሕሙማን ከመታዘዙ፣ አንድ የጤና ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ከመዘርጋቱ በፊት መነሻ የሚሆነው በጥናት የተገኘ መረጃ ነው። በመሆኑም መረጃው የተሰበሰበው ከእነማን ነው የሚለው ጥያቄ ለተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በጥናት ያልተካተተ የኅብረተሰብ ክፍል ችግሩ በቁጥር አይታይም፤ በቁጥር ያልታየ ችግር ደግሞ በዕቅድና በበጀት ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ይህ እንክብካቤ የሁሉንም አረጋውያን ኑሮ መሠረት ያደረገ እንዲሆን፣ በገጠር፣ በአርብቶ አደር አካባቢና በከተማ ዳርቻ የሚኖሩትም በጥናት ሊካተቱ ይገባል።

አረጋውያን ከጥናት የሚቀሩት ለምንድን ነው?

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አሠራር ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች አረጋውያን ይባላሉ። ብዙ ጥናቶች ግን ከመጀመሪያው የዕድሜ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የግል ቃለ መጠይቅ ያደረገው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች ጋር ነው። የጥናቱ ዋነኛ ትኩረት የእናቶችና የሕፃናት ጤና በመሆኑ ገደቡ ምክንያት አለው። በ2007 ዓ.ም. ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናትም ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን የሚመለከት ነበር። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በዕድሜ መግፋት የሚበረቱ ሆነው ሳለ፣ 70 ዓመት የሞላቸው አረጋውያን ከመረጃው ውጭ ሆነዋል።

የዕድሜ ጣሪያ በሌለበትም ሌሎች መሰናክሎች አሉ። ጥናቱ በከተማ ሆስፒታል ብቻ የሚካሄድ ከሆነ ከጤና ተቋም ርቀው የሚኖሩና ከቤት መውጣት የተሳናቸው አይደርሱበትም። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት ሀገር መጠይቁ በአንድ ወይም በሁለት ቋንቋ ብቻ ከተዘጋጀ ብዙዎች ሐሳባቸውን በሚገባ መግለጽ ያቅታቸዋል። የመስማት ወይም የማየት ችግር ያለባቸውን አረጋውያን ወክሎ የቤተሰብ አባል ሲመልስላቸው ደግሞ የራሳቸው ድምፅ ይቀራል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ዕድሜ ሲገፋ የኩላሊትና የጉበት ሥራ ይቀንሳል፤ መድኃኒትም በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በወጣቶች ላይ ብቻ የተፈተሸ መጠን ለአረጋዊ ሊበዛ ይችላል። በተለይ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት በሽታ ላለባቸው ሰዎች መድኃኒቶቹ እርስ በርስ የሚያስከትሉት ውጤት መታወቅ አለበት።

ሌላው ምሳሌ የመርሳት በሽታ ምርመራ ነው። በብዙ ሀገሮች የሚሠራባቸው አንዳንድ መፈተሻዎች ተመርማሪው ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ ያነበበውን እንዲፈጽምና ከመቶ እየቀነሰ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት ወይም አባት ጤነኛ ሆነው ሳለ በዚህ ፈተና ታማሚ ሊመስሉ ይችላሉ። በአንጻሩ የታመሙት «እርጅና ነው» ተብለው ያለ ክትትል ይቀራሉ። «10/66» የተባለው ዓለም አቀፍ የመርሳት በሽታ የምርምር ቡድን ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ክፍተት ነው፤ የበሽታው ተጠቂዎች 66 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በታዳጊ ሀገሮች ሲኖሩ፣ በእነርሱ ላይ ያተኮረው ምርምር ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ለማመልከት ነው።

አካታች ጥናት እንዴት ይካሄዳል?

አካታች ጥናት ወደ ተሳታፊው ቤት ይሄዳል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያነጋግረዋል፤ ማንበብና መጻፍን የማይጠይቅ መፈተሻ ይጠቀማል፤ በየዕለቱ አብሮት የሚውለውንም ሰው ይጠይቃል። የልደት ማስረጃ የሌላቸው አረጋውያን ዕድሜያቸውን በታወቁ ክንውኖች እንዲያሰሉ ይረዳል፦ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተወለዱት? በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ከብት ለመጠበቅ ደርሰው ነበር? በ1966 ዓ.ም. አብዮት ጊዜ ትዳር ይዘው ነበር?

የተሳታፊው መብቶች

በጥናት እንዲሳተፍ የተጠየቀ አረጋዊ የሚከተሉት መብቶች አሉት፦

• የጥናቱን ዓላማ፣ የሚወስደውን ጊዜ፣ ጥቅሙንና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት በሚገባው ቋንቋ ማወቅ፤
• ማንበብ የማይችል ከሆነ የስምምነት ቅጹ ገለልተኛ ምስክር ባለበት እንዲነበብለትና ሲስማማ በጣት አሻራው ማረጋገጥ፤
• ያለ ምንም ተጽዕኖ መስማማት ወይም እምቢ ማለት፣ ከተስማማም በኋላ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ፤
• ባለመሳተፉ ወይም በማቋረጡ ሕክምናውንም ሆነ የሚያገኘውን ሌላ አገልግሎት አለማጣት፤
• የግል መረጃው በምስጢር መያዙ።

ልጆችና ዘመዶች ማስረዳትና ማገዝ ይችላሉ። ሆኖም አረጋዊው ራሱ መወሰን እስከቻለ ድረስ ፈቃዱን የሚሰጠው እርሱ ብቻ ነው።

ከመስማማት በፊት የሚደረግ ማጣራት

መረጃ ሰብሳቢው የመታወቂያ ካርድ፣ ጥናቱ በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቁን የሚያሳይ ማስረጃና የትብብር ደብዳቤ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተሳታፊውን የባንክ ሒሳብ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ወይም ለተሳትፎ ክፍያ የሚያስከፍል ሰው ሲያጋጥም ሳይስማሙ ለቀበሌው አስተዳደር ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ያደረበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ይችላል።